ሊቁ ጄሮም፡ የዓለምን ጥበብ ለእግዚአብሔር ቃል አገልጋይ ያደረገ መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥረን ወደ ትምህርት ቤት የምንልክ ክርስቲያን ወላጆችም ሆንን መምህራን አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። በክርስቶስ ያመነ ልጅ ክርስቶስን የማያውቁ ሰዎች የደረሱትን ግጥም፣ ታሪክና ንግግር ቢማር ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ አባቶችም ተጨንቀውበታል፣ ተከራክረውበታል። ከእነርሱ መካከል ይህን ጥያቄ በገዛ ሕይወቱ እንደ ሊቁ ጄሮም የተፈተነበት ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ጉዞ ከትምህርቱ ጋር አያይዘን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ጄሮም በ347 ገደማ በድልማጥያና በጰንኖንያ አዋሳኝ በምትገኝ ስትሪዶን በተባለች ከተማ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ትምህርቱን እንዲያጠናቅቅ ወደ ሮም ላኩት። በዚያም ከታላቁ የሰዋስው መምህር ከዶናቱስ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ዶናቱስ ስለ ስምንቱ የንግግር ክፍሎች ያዘጋጀው መጽሐፍ ከእርሱም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የላቲን (የሮማይስጥ) ቋንቋ መግቢያ ሆኖ ያገለገለ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረ የሮም ተማሪ ትምህርቱ በአራት ደራስያን ላይ የቆመ ነበር። ከባለ ቅኔዎች ቨርጂልን፣ ከተውኔት ጸሐፊዎች ቴሬንስን፣ ከታሪክ ጸሐፊዎች ሳሉስትን፣ ከተናጋሪዎች ሲሴሮን ያጠናል። መምህሩ ስንኙን እያነበበ ቃል በቃል ያፍታታል፤ ተማሪውም በቃሉ ይይዛል። ጄሮም በዚህ ትምህርት እጅግ በረታ። በእሑድ ቀን ግን ከጓደኞቹ ጋር ከምድር በታች ወደሚገኙት የሐዋርያትና የሰማዕታት መቃብሮች እየወረደ ይሳለም ነበር። ጥምቀትንም የተቀበለው በሮም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ውስጥ ሁለት ፍቅር አብሮ አደገ፤ አንደኛው የቃላት ውበት ፍቅር፣ ሁለተኛው የክርስቶስ ፍቅር።

በአንጾኪያ ያየው ሕልም

ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ቤቱንና ዘመዶቹን ቢተውም በሮም በብዙ ድካም ያሰባሰባቸውን መጻሕፍት መተው አልቻለም። ይጾማል፣ ያነባል፣ ስለ ኃጢአቱ ያለቅሳል፤ ከዚያ ግን ሲሴሮን ያነሣል። ከእርሱ ወደ ነቢያት ሲመለስ የነቢያቱ አነጋገር ሸካራ ሆኖ ይታየው ነበር። በዐቢይ ጾም መካከል በጽኑ ትኩሳት ታመመ፤ ሰዎችም ለቀብሩ መዘጋጀት ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ያየውን ሕልም ከዓመታት በኋላ በመልእክቱ ተርኮታል። በፈራጅ ዙፋን ፊት ቀርቦ ማንነቱን ሲጠየቅ ክርስቲያን ነኝ ብሎ መለሰ። ፈራጁ ግን ልቡ ያለው መዝገቡ ባለበት ነውና የሲሴሮ እንጂ የክርስቶስ አለመሆኑን ነገረው። ተገረፈ፤ የዓለምን መጻሕፍት ዳግመኛ እንዳይዝም ማለ።

ሕልሙ የነካው የጄሮምን ማንበብ ብቻ አልነበረም። ጥያቄው የልቡ ጌታ ማን እንደሆነ ነበር።

ከባዕድ ቋንቋ ጋር የተደረገ ተጋድሎ

ከዚያ በኋላ ወደ ሶርያ በረሃ ገባ። በጾም ሥጋውን ቢያደክምም አሳቡ አልበርድ አለው። ስለዚህ ክርስቲያን ከሆነ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ዕብራይስጥን ሊማር ተቀመጠ። በሲሴሮ ልስላሴ ያደገ ሰው እንደ ሕፃን ፊደል ከመቁጠር ጀመረ። ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ተወው፤ ደግሞም ተመለሰ። በእርጅናው ይህን ሲያስታውስ ከመራራው የትምህርት ዘር ጣፋጭ ፍሬ ስለ ሰበሰበ እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር።

በቁስጥንጥንያ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትን ሰማ። በ382 ወደ ሮም ተመልሶ የሊቀ ጳጳሱ የደማስዮስ ጸሐፊ ሆነ፤ በእርሱም ጥያቄ የላቲኑን ወንጌል ከጽርእ (ከግሪክ) ቅጂዎች ጋር እያስተያየ ማረም ጀመረ። ደማስዮስ ካረፈ በኋላ ከከሳሾቹ የተነሣ በ385 ሮምን ለቀቀ። በእስክንድርያ ከሊቁ ዲዲሞስ ዕውሩ ዘንድ ተማረ፤ በ386 በቤተ ልሔም ተቀመጠ። በትውልዷ ባለጸጋ የነበረችው ጳውላ ሀብቷን አፍስሳ ገዳማትንና የእንግዳ ማረፊያ አሠራች። በዚያ ጄሮም ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ተረጎመ። ቤተ ክርስቲያናችን የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ተከትላ 81 መጻሕፍትን ስትቀበል፣ እርሱ ግን በዕብራውያን ዘንድ ያለውን ቁጥር አብልጦ ይመለከት ነበር። ቢሆንም የምዕራቡ ክርስቲያን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበው በአብዛኛው በእርሱ ትርጉም ነው።

በቤተ ልሔም የነበረው ትምህርትና የተነሣው ክስ

ጄሮም በቤተ ልሔም ለሕፃናት ሰዋስውን ያስተምር ነበር። ይህን የምናውቀው ከከሳሹ ነው። የወጣትነት ወዳጁ የነበረው ሩፊኖስ በአርጌንስ ትምህርት ምክንያት ከተጣሉ በኋላ በ401 በጻፈው ክስ፣ ጄሮም ፈሪሃ እግዚአብሔርን ሊማሩ ለተሰጡት ልጆች ቨርጂልንና ሌሎች ባለ ቅኔዎችን፣ የተውኔትና የታሪክ ጸሐፊዎችንም እንደሚተረጉምላቸው ገለጠ። በሕልሙ የማለውን መሐላ አፍርሷልም አለ።

ጄሮም ሲመልስ በሕልም የተነገረ መሐላ ሰውን እንደማያስር ተናገረ። በልጅነት የተማሩትም ከልብ እንደማይጠፋ፣ ቀለም የጠጣ ሱፍ ወደ ነጭነቱ እንደማይመለስ አስረዳ። ምላሹ ግን ብልሃት ብቻ ሳይሆን ምሬትም ነበረበት። በሮም የተማረውን የክርክር ስለት በቀድሞ ወዳጁ ላይ መዘዘው፤ ሩፊኖስ ካረፈ በኋላ እንኳ አልተወውም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሩፊኖስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባለውለታ መሆኑ ነው። የአባታችን የአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ ከጓደኛቸው ከኤዴስዮስ አንደበት ሰምቶ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ በላቲን የጻፈው እርሱ ነው።

የምርኮኛዋ ሴት ምሳሌ

ጄሮም ስለ ዓለም ጥበብ ያለውን የበሰለ አሳብ የገለጠው በሮም ለነበረ ማግኑስ ለተባለ የንግግር ሊቅ በጻፈው መልእክት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከአሕዛብ ባለ ቅኔዎች ቃል እንደ ጠቀሰ (ሐዋ. 17፥28፤ ቲቶ 1፥12) አሳየ። ዳዊት የጎልያድን ራስ በጎልያድ ሰይፍ መቁረጡንም ምሳሌ አደረገ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌው ግን ከኦሪት የተወሰደ ነው። ከእስራኤል ወገን የሆነ ሰው ምርኮኛ ሴት ሊያገባ ቢወድ ጠጉሯን ይላጫል፣ ጥፍሯን ይቆርጣል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ያገባታል (ዘዳ. 21፥10-13)። ጄሮምም የዓለም ጥበብ በውበቷ የምትማርክ ምርኮኛ ናት ይላል። ጣዖት አምልኮዋና ስሕተቷ ከተቆረጠላት የእስራኤል እናት ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ከዚህ የተነሣ ወንጌልንና ነቢያትን ትተው ተውኔት የሚያነቡ ካህናትን ገሥጿል፤ ለሕፃናት ግዴታ የሆነው ትምህርት ለእነርሱ የፈቃድ በደል ነውና።

ልጆችን ስለ ማስተማር የሰጠው ምክር

በእርጅናው፣ የጳውላ ምራት የሆነችው ሌታ ልጇን እንዴት እንደምታሳድግ ምክር ጠየቀችው። ያ ታላቅ ሊቅ ስለ ፊደል ገበታ ሊጽፍ አልናቀም። ፊደላቱ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ይሠሩላት፤ ስማቸውን እየጠራች ትጫወትባቸው። ስትጽፍ ጣቷን የሚመራ እጅ ይኑር። አብረዋት የሚማሩ ጓደኞች ይሰጧት፤ ስታሸንፍ ትሸለም፣ ስትዘገይ አትሰደብ። በልጅነት ትምህርትን የጠላ ካደገም በኋላ ይጠላልና። የጽርኡንም የላቲኑንም ቋንቋ ከጧቱ ትልመድ። መምህሯም በዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን በሕይወቱ የተመሰከረለት ይሁን።

የንባቡንም ቅደም ተከተል ሠራላት። አስቀድማ መዝሙረ ዳዊትን ትማር፤ ቀጥላ ምሳሌን፣ መክብብንና ኢዮብን፤ ከዚያ ወንጌልን፣ የሐዋርያት ሥራንና መልእክታትን፤ ቀጥሎም ነቢያትንና ሌሎቹን የብሉይ መጻሕፍት፤ መኃልየ መኃልይን በመጨረሻ። ልጁ ዳዊት ሲደግም ማየት ለሚያስደስተው የአገራችን ምእመን ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። በዚሁ መልእክት ጄሮም ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡ መነኮሳትን ዕለት ዕለት እንደሚቀበል ጽፏል። አባቶቻችን በዚያ ደጅ አልፈዋል።

ጳውላ በ404 አረፈች፤ ጄሮምም በ420 በዚያው በቤተ ልሔም ዐረፈ።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ የቋንቋ ትምህርት ከንቱ ድካም እንዳልሆነ እንማራለን። ዶናቱስ ያስተማረው ሰዋስው ባይኖር ኖሮ የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ መልክ ባልተገኘ ነበር። በየቅኔ ቤቱ የግእዝን ግስ የሚያስቀጽሉ መምህራንም የሚደክሙት ለዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥርዓት ያስፈልጋል። ልጁ ስለሚያነበው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ልቡን ስለ ሞላው ነገር እንጠይቅ። ዳዊት የቀደመበት ልብ ሌላውን መመዘን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ብቻውን ሰውን አይፈውስም። አራት መጻሕፍትም ሆነ ሦስት ቋንቋ የጄሮምን አንደበት ከቁጣ አላዳኑትም። ስለዚህ ልጆቻችን አነጋገር ሲያምርላቸው ደስ እንደሚለን ሁሉ፣ ያን አንደበት ወንድማቸውን እንዳያቆስሉበት እናስተምራቸው፤ እኛም አስቀድመን እንማር።

የአባቶቻችን በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።