እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ኦሞ በየሱቁ ሳይገባ በፊት እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። ፍሬውን ይወቅጡታል፣ ውሃ ውስጥ ሲያሹት አረፋ ይሰጣል፣ በቃ ሳሙና ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚሁ እንዶድ ውስጥ ለዓለም የሚተርፍ ነገር ስላወጡ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ።

መጀመሪያ ግን ጠላታቸውን እንወቀው። ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ትል ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውሃ ከገባ ይፈለፈላል። ከዚያ የግድ አንድ የውሃ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ በሺዎች ይራባል፣ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፣ በውሃው የሚዋኝ ወይም የሚያጥብ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ካልታከመ ጉበት ድረስ ይጎዳል።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሲመለሱ ገና ሰላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ብልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። እዚያ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶቹ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ነበሩ። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን እሳቸው ቆመው ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንዶዱን ሞከሩት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። ትሉን ሰው ሆድ ውስጥ ከማሳደድ መንገዱን ወንዙ ላይ መቁረጥ! ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መራቢያ የለውም። ደግሞ መድኃኒቱ በዶላር የሚገዛ ሳይሆን ጓሮ የሚበቅል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተግባር ተሞከረ። በትንንሽ ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ታዲያ ዓለም ወዲያው ተቀበለው? አልተቀበለውም። የእንዶድ ደኅንነት በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች መስፈርት እንደገና ይፈተሽ ተባለ፤ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሳይንስ እንደማይታመን በአደባባይ ይናገሩ ነበር።

ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው የተሻለውን ለመምረጥ ለዓመታት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በኋላ ደግሞ እንዶድ በአሜሪካ የውሃ ቱቦዎችን እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። የዶክተር አክሊሉ ስም በፈጠራው ላይ ቢኖርም የፓተንቱ ባለቤት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዕውቀቱን ለትውልድ ያቆዩት አጣቢ ሴቶችስ? እስከ ዛሬ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። እሳቸው የመሠረቱት፣ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል።

ይህን ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ልጆች የምንነግረው በምክንያት ነው። ብልሃርዝያ አማራ ክልልን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍል አለ። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድና ሣር የበቀለበት ውሃ ነው። የመስኖ ቦይም እንደዚያ ነው። ቦይ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ሆዱን ደጋግሞ ካመመው ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፣ ያድናል። እንዶድ ግን እንዳታጠጡት! መርዝ ነው፤ ሥራው ቀንድ አውጣው ላይ እንጂ ሰው ሆድ ውስጥ አይደለም። ወንዝ ዳርም አትጸዳዱ፤ የትሉ ጉዞ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ወንዝና ቦይ የሚወድ ታናሽ ወንድም ላለው ጓደኛችሁ አጋሩት።