የቻርልስ ቤስት የሕይወት ታሪክ

ቻርልስ ቤስት ከካናዳውያን ወላጆች በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የገጠር ሐኪም ስለ ነበር ልጁ ከሕመምተኞች ጋር ተላምዶ አደገ። ወጣት ሳለም አክስቱ በስኳር በሽታ ሞተችበት።

በዚያን ጊዜ የስኳር በሽታ የያዘው ሕፃን የመዳን ተስፋ አልነበረውም። ሐኪሞች ምግቡን እጅግ ከመቀነስ በቀር የሚያደርጉለት ነገር ስላልነበረ፣ በበሽታው ያልሞተው በረኀብ ይመነምን ነበር።

ቤስት በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲያገኝ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፕሮፌሰር ማክላውድ የወጣቱ ሐኪም የባንቲንግ ረዳት አደረገው። ሥራውን ያገኘው ከሌላ ተማሪ ጋር ሳንቲም ወርውረው ዕጣ ስለ ወጣለት ነው ይባላል። ባንቲንግ የውሾችን ቆሽት በቀዶ ሕክምና ሲያወጣ፣ ቤስት በደማቸውና በሽንታቸው ያለውን ስኳር ይለካ ነበር። ሲፈልጉት የነበረው ነገር ሆርሞን ነው፤ ይኸውም ዕጢ አመንጭቶ በደም አማካይነት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚልከው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ስሙም ኢንሱሊን ተባለ። በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም፤ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ካጣራው በኋላ ግን የልጁ የደም ስኳር ወረደ። ሊሞት የተቃረበው ልጅ ሌላ 13 ዓመት ያህል ኖረ።

በ1923 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ሲሰጥ የቤስት ስም አልተጠራም። ባንቲንግ በዚህ ተቈጥቶ ከድርሻው ግማሹን ለቤስት አካፈለው።

ብዙዎች የቤስትን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እርሱ ራሱ የመራው ታላቅ ምርምር ግን ገና አልተጀመረም ነበር። ቆሽታቸው ወጥቶ በኢንሱሊን የሚኖሩ ውሾች ከወራት በኋላ ታመው ይሞቱ ነበር። ሲመረመሩም ጉበታቸው አብጦና በስብ ተሞልቶ ተገኘ። ጥሬ ቆሽት ወይም ከእንቁላል አስኳል የሚገኘው ሌሲቲን የተሰጣቸው ውሾች ግን ዳኑ። ምክንያቱ ምን ነበር? ቤስትና ባልደረቦቹ በ1932 ዓ.ም. ጉበትን የሚጠብቀው በሌሲቲን ውስጥ ያለው ኮሊን መሆኑን ገለጡ። ኮሊን ስብ ከጉበት እንዲወጣ የሚረዳ ንጥረ ነገር ነው።

በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ቤስትና ጓደኞቹ ለአንዳንድ አይጦች አልኮል፣ ለሌሎቹ ስኳር አብዝተው ሰጡ። የሁለቱም ወገኖች ጉበት በስብ ተጎዳ፤ ኮሊን የተጨመረላቸው ግን ከጉዳት ተረፉ። አልኮል በራሱም ጉበትን እንደሚጎዳ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ቢያስረዱም፣ ስኳርን የሚመለከተው ክፍል ዛሬ ይበልጥ የሚታሰብ ሆኗል። አልኮል ቀምሰው የማያውቁ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ ልጆች ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ይገኛልና። የእነዚህ ልጆች ችግር እንደ ሊዮናርድ የኢንሱሊን ማጣት አይደለም። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን መታዘዝ ስለሚያቅተው ቆሽታቸው አብዝቶ ያመነጫል፤ ጉበታቸውም የተትረፈረፈውን ስኳር ወደ ስብ መለወጡን ይቀጥላል። አንዱን ልጅ ከሞት ያዳነው ሆርሞን በሌላው ልጅ ደም ውስጥ ሲበዛ የሕመም ምልክት ይሆናል።

ባንቲንግ በ1941 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ቤስት በስማቸው የተሰየመውን የምርምር ክፍል ተረክቦ ለብዙ ዓመታት መራ። በ1978 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ቶሮንቶ ውስጥ ዐርፎ ባንቲንግ በተቀበረበት መካነ መቃብር ተቀበረ።