ከዓይን በፊት ጣት፦ የማሪያ ሞንቴሶሪ የፊደል ማስተማሪያ አመጣጥ

ፊደል ለሕፃን በዓይን የሚታይ ነገር እንደ ሆነ ለረጅም ዘመን ሲታመን ኖሯል። መምህሩ በሰሌዳ ወይም በገበታ ላይ ያለውን ምልክት ያመለክታል፤ ሕፃኑ አይቶ ስሙን ይደግማል፤ ጽሕፈት ግን ንባቡ ከጸና በኋላ ዘግይቶ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው እጅን ከዓይን፣ ጽሕፈትን ከንባብ ካስቀደሙት መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። ስሟ ዛሬ በብዙ አገሮች በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስሙ በገነነ መጠን የሐሳቡ አመጣጥ ተድበስብሷል፤ በተለይም ዝነኛው የፊደል መሣሪያዋ ከጥናት ብቻ ሳይሆን ከዕቃ እጦትም የተወለደ መሆኑ እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 በማዕከላዊ ጣሊያን፣ በአንኮና አውራጃ በምትገኘው በኪያራቫሌ ተወለደች። አባቷ አሌሳንድሮ የመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት ሹም ነበር፤ እናቷ ሬኒልዴ ስቶፓኒ በዘመኗ ከነበሩት ሴቶች ይልቅ የተማረችና መጽሐፍ ወዳድ ነበረች። ቤተሰቡ በአባትየው ሥራ ምክንያት መጀመሪያ ወደ ፍሎረንስ፣ በ1875 ደግሞ ወደ ሮማ ተዛወረ። ማሪያ ወንዶች በሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ መሐንዲስ ለመሆን ስታስብ ቆይታ ኋላ ሐሳቧን ወደ ሕክምና አዞረች። በሮማ ዩኒቨርሲቲ ከወንዶች ጋር ሆና አስከሬን መመርመሯ እንደ ነውር ስለ ተቆጠረ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ብቻዋን እንድትሠራ ትገደድ ነበር። በ1896 በሕክምና ተመረቀች፤ በጣሊያን ይህን ማዕረግ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶችም አንዷ ሆነች።

ከምረቃ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሠራ፣ የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው የሚኖሩባቸውን ቤቶች መጎብኘት ነበረባት። በአንዱ ቤት ሕፃናቱ ከምግብ በኋላ የዳቦ ፍርፋሪ ከወለሉ እየለቀሙ በጣታቸው ሲያገላብጡ እንዳየች ይነገራል። ጠባቂያቸው ነገሩን እንደ ሆዳምነት ሲቈጥረው፣ እርሷ ግን በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ለእጃቸው ሌላ የሚያዝ ነገር አለመኖሩን አስተዋለች። ከዚህ በኋላ የሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞችን ጽሑፎች መረመረች፤ አንዱ በአቬሮን ጫካ የተገኘውን ልጅ ለማስተማር የደከመው ኢታር፣ ሁለተኛው የእርሱ ደቀ መዝሙር ሴጋን ነበር። የእያንዳንዱን ቃል ክብደት ለመመዘን ስትል መጻሕፍታቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች በገዛ እጇ ገለበጠች። ስለ እጅ ትምህርት ኋላ የምትናገረው ሴት ትልቁን ትምህርቷን በእጅ በመገልበጥ ማግኘቷ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1900 በሮማ ለእነዚህ ሕፃናት መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ሲከፈት፣ ከሐኪሙ ከጁዜፔ ሞንቴሳኖ ጋር በኃላፊነት ተመደበች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከሕፃናቱ አትለይም ነበር። በኋላ ስለ ፊደል ያቀናችው ሐሳብ ሁሉ የተመሠረተው በዚያ ዘመን ባየችው በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ነው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እጆቿ ጤነኞች ሆነው ሳለ መርፌ ይዛ ክሩን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ማሳለፍ ፈጽሞ አቃታት። ሞንቴሶሪ መርፌውን አስቀምጣ፣ ጀርመናዊው ፍሮቤል ለሕፃናት ያዘጋጀውን የወረቀት ጉንጎና ሰጠቻት። ልጅቷ የወረቀት ቁራጮችን እንደ ሰሌን ስትጎነጉን ቆይታ ወደ ስፌቱ ስትመለስ ያለ ችግር መስፋት ቻለች። መርፌው ከመያዙ በፊት የእጁ እንቅስቃሴ በሌላ ሥራ ተለማምዶ ነበርና። ሞንቴሶሪ ከዚህ ተነሥታ፣ ጽሕፈትም ሳይጻፍ ሊዘጋጅ አይችልምን ብላ ራሷን ጠየቀች።

ለዚህም ያማረ ፊደል አሠራች። በተቀጣጣይ የእጅ ጽሕፈት የተቀረጹ የእንጨት ሆሄያት ነበሩ፤ የአጫጭሮቹ ቁመት 8 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነበር። ተነባቢዎቹ ሰማያዊ፣ አናባቢዎቹ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሕፃናቱ እነዚህን በጽሕፈቱ አካሄድ በጣታቸው እየተከተሉ ይዳስሱ ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከጤነኞቹ ልጆች ጋር ተፈትነው በማለፋቸው ብዙዎች ሲደነቁ፣ እርሷን ያስጨነቃት ግን ጤነኞቹ ልጆች በምን ዓይነት ትምህርት ተይዘው ነው ከእነዚህ እኩል የሆኑት የሚለው ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን በግል ሕይወቷ የሆነው ነገር ከሥራዋ ተነጥሎ ሊታለፍ አይገባም። በ1898 ከሞንቴሳኖ ማሪዮ የተባለ ልጅ ወለደች፤ አልተጋቡም ነበር። ልጁ ከሮማ ውጭ በገጠር ለሞግዚት ተሰጠ። ነገሩ ቢገለጥ ሐኪምነቷም መምህርነቷም በዚያው ያከትም ነበርና እናትነቷ ተሰወረ። እየሄደች ብትጠይቀውም አብራው መኖር የቻለችው እናቷ በ1912 ካረፈች በኋላ፣ ልጁ ወደ 15 ዓመቱ ሲቃረብ ነው። የሰው ልጆችን ፊደል ባስቈጠረችባቸው ዓመታት የራሷን ልጅ ሌሎች አሳደጉት። ከሞንቴሳኖ ጋር የነበራት ግንኙነት ሲቋረጥ በ1901 ተቋሙን ለቅቃ ወጣች።

ወደ ጤነኞቹ ሕፃናት የምትመለስበት በር የተከፈተላት በድኾች ሰፈር ነው። በሮማ ሳን ሎሬንዞ የሚባለው ሰፈር ተጀምረው በቀሩ ሕንፃዎች የተሞላና የድኻ መጠጊያ የሆነ ነበር። ሕንፃዎቹን ያደሰው ማኅበር ኃላፊ ኤድዋርዶ ታላሞ፣ ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ሕፃናት ደረጃውንና ግድግዳውን እያበላሹ ስላስቸገሩ፣ በአንድ ክፍል ተሰብስበው የሚውሉበትን መንገድ ፈለገ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 የተከፈተው የሕፃናት ቤት፣ በጣሊያንኛ ካዛ ዴይ ባምቢኒ፣ ከዚህ የተነሣ ነው። ከ50 የሚበልጡ ሕፃናት ገቡበት። ሞንቴሶሪ በመጀመሪያ ንባብና ጽሕፈት ለማስተማር አላሰበችም፤ ለዚያ ዕድሜ አይገባም የሚለውን የዘመኑን አስተያየት ተቀብላ ነበር። ሐሳቧን ያስለወጧት እናቶቹ ናቸው። ራሳቸው ማንበብ የማይችሉት እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸው እንዲማሩላቸው እየመጡ ለመኗት።

በዚያ ዓመት መከር ለመጀመር ቈርጣ እንደ ቀድሞው ያለ የእንጨት ፊደል የሚሠራላት አናጢ ብትፈልግ አላገኘችም። ሁለት ወር ያህል በፍለጋ ባከነ። በመጨረሻ ከተራ ወረቀት ትልልቅ ሆሄያትን ቀደደች፤ ከረዳቶቿ አንዷ በአንድ በኩል ሰማያዊ ቀባቻቸው። ለመዳሰሻ የሚሆኑትን ደግሞ አናጢ እንጨት ከሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት ቈርጣ በለስላሳ ካርቶን ላይ አጣበቀች። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው ብልጫው የታያት። ሻካራው መስመር ከለስላሳው መደብ ስለሚለይ፣ ጣቱ ከመስመሩ የወጣ ሕፃን መሳሳቱን ያለ መምህር ያውቃል፤ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ እጁ ይነግረዋል። የወረቀቱም ሆሄ ርካሽ ስለ ነበር የፈለገችውን ያህል ልታበዛው ቻለች። የእንጨቱ ፊደል አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ በአንድ ቅጂ እናት የሚለውን የጣሊያንኛ ቃል፣ ማማን፣ እንኳ መጻፍ አይቻልም፤ ቃሉ የም ድምፅ ያለውን ሆሄ ሦስት ጊዜ፣ የኣን ሁለት ጊዜ ይሻልና። ሆሄ እየደረደሩ ቃል መሥራት ለሕፃን የተቻለው ወረቀት እንጨትን በተካ ጊዜ ነው። ገንዘብ ኖሯት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ካማረውና ከመከነው ፊደል እንደማትላቀቅ እርሷው ኋላ በጽሑፏ ሳትሸሽግ ተናግራለች።

ልምምዱ በሦስት ጅረት የሚፈስ ነበር። እርሳስ አያያዝ የሚለመደው ፊደል ሳይነሣ ነው፤ ሕፃኑ የብረት ቅርጾችን ዳር ተከትሎ መስመር ያሰምራል፣ ውስጡንም በባለ ቀለም እርሳስ ይሞላል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጁ መርገጥንና መቈጠብን ይማራል። በሌላው በኩል አመልካችና መካከለኛ ጣቱን በብርጭቆ ወረቀቱ ሆሄ ላይ በጽሕፈቱ አቅጣጫ እየመራ ይዳስሳል፤ መምህርቷም በዚያው ቅጽበት የሆሄውን ስም ሳይሆን ድምፁን ታሰማዋለች። ቀጥላ ከሁለት ሆሄያት መካከል ድምፁን ጠርታ እንዲያነሣላት ትጠይቀዋለች፤ በመጨረሻም አንዱን አሳይታ እርሱ ራሱ እንዲጠራው ታደርጋለች። ቢሳሳት አትገሥጸውም፤ ትታው በሌላ ቀን ትመለሳለች። ሦስተኛው ቃልን በድምፅ በታትኖ በወረቀት ሆሄያት መደርደር ነው። የሚያስገርመው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕፃኑ አንድ ሆሄ እንኳ እንዲጽፍ አለመታዘዙ ነው። እጅ፣ ዓይንና ጆሮ ለየብቻቸው ይዘጋጃሉ፤ የሚገጣጥማቸው ሕፃኑ ራሱ ነው።

መጋጠማቸው የታየው በዲሴምበር 1907 ነው። ቀኑ ክረምት ቢሆንም ፀሐያማ ስለ ነበር ሞንቴሶሪ ከሕፃናቱ ጋር ወደ ሕንፃው ሰገነት ወጣች። አጠገቧ የነበረውን የ5 ዓመት ልጅ ጠመኔ ሰጥታ የጭስ ማውጫውን እንዲሥልላት ጠየቀችው፤ ልጁም በወለሉ ንጣፍ ላይ ሣለው። ስታመሰግነው ጥቂት ዝም ብሎ አያት፤ ከዚያም መጻፍ መቻሉን በደስታ እየጮኸ ተንበርክኮ ማኖ ብሎ ጻፈ። ማኖ በጣሊያንኛ እጅ ማለት ነው። ቀጥሎም የጭስ ማውጫንና ጣሪያን ጻፈ። ጩኸቱን የሰሙት ሌሎች ልጆች ተሰበሰቡ፤ ሁለት ሦስቱም ጠመኔ ተቀብለው ማማን፣ እጅንና የሰው ስሞችን ጻፉ። አንዳቸውም ከዚያ ቀን በፊት ለመጻፍ ብለው ጠመኔ ይዘው አያውቁም ነበር። በተከታዮቹ ቀናት ወለሉ፣ በሩ፣ ግድግዳው፣ የዳቦ ቅርፊት ሳይቀር ጽሕፈት ሞላው። እናቶች ግድግዳቸውን ለማዳን ወረቀትና እርሳስ ሰጡ፤ አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጽፎ ሌሊት እርሳሱን እንደ ጨበጠ ተኛ። በገና በዓል ሁለት የ4 ዓመት ሕፃናት በጓደኞቻቸው ስም ለታላሞ የመልካም ምኞት ደብዳቤ ጻፉ፤ ያለ ስርዝ ድልዝ የተጻፈ ስለ ነበር የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ያህል ተገመተ። ንባብ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀስ ብሎ መጣ።

ይህ ውጤት ያለ ማስተዋል ሊጠቀስ አይገባም። የጣሊያንኛ ፊደል 21 ሆሄያት ብቻ ያሉት፣ ሆሄውና ድምፁም እጅግ የሚስማሙ ናቸው፤ ድምፁን የሰማ ልጅ ቃሉን በትክክል ይጽፈዋል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ይህ ጥቅም ይጎድላል። በአሜሪካም ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ የሞንቴሶሪን ንድፈ ሐሳብ ከዘመኑ የዘገየ ብሎ ሲነቅፈው፣ በዚያ አገር የነበራት ዝና ለብዙ ዓመታት ቀዘቀዘ። የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ ሚዛን ሲታይ በመካከል የሚቆም ነው። ሀ፣ ሐና ኀን የመሰሉት ሞክሼዎች ሳይቈጠሩ ድምፅና ምልክት በመስማማታቸው ወደ ጣሊያንኛ ይቀርባል፤ 33ቱ በሰባት ቅርጽ ሲራቡ ግን 231 ስለሚሆኑ ለጣት የሚተርፈው ሥራ ብዙ ነው። አናባቢው ራሱን ችሎ ስለማይቆምም የቀይና የሰማያዊ አከፋፈሏ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ከካዕብ እስከ ሳብዕ የሚቀጠለው እግርና ቀለበት ብቻ በሻካራ ቢለይ ሕፃኑ ሥርዓቱን ቶሎ ያገኘው እንደ ሆነ በተግባር መፈተን ይገባል።

ሥራዋን የምትገልጸው ዋና መጽሐፍ በ1909 ታተመ፤ ስሟም ከአገር አገር ተሻገረ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኳ የጉዞ ነው፤ ጥላ ያጠላበት ክፍልም አለው። በ1924 ሙሶሊኒ ትምህርት ቤቶቿን ሲደግፍ ድጋፉን ተቀበለች፤ ለዓመታትም አብራ ሠራች። አገዛዙ ሕፃናትን በራሱ መንፈስ መቅረጽ ሲፈልግ ስምምነቱ ፈረሰና በ1934 ጣሊያንን ለቀቀች። ያው አገዛዝ በተከታዩ ዓመት ኢትዮጵያን ወረረ። ከጣሊያን በኋላ የተቀመጠችባትን ባርሴሎናን የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በ1936 ሲያናውጣት ወደ ኔዘርላንድስ ተሰደደች። በ1939 መምህራን ልታሠለጥን ከማሪዮ ጋር ወደ ሕንድ፣ በማድራስ አጠገብ ወዳለችው አድያር ሄደች። በ1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ እንግሊዞች ማሪዮን እንደ ጠላት ዜጋ አሰሩት፤ በእናቱ 70ኛ የልደት በዓል ግን ለቀቁት። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆይታ በ1946 ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ሜይ 6 ቀን 1952 በኔዘርላንድስ የባሕር ዳር መንደር በኖርድቫይክ አረፈች፤ የተቀበረችውም እዚያው ነው። እናትና ልጅ በ1929 ያቋቋሙትን ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ከሥራዋ የተነሣ ከእቅፏ ርቆ ያደገው ማሪዮ በ1982 እስኪሞት ድረስ መራው።