የናፍጣ ሞተርን ትንፋሽ ያበዛው አልፍሬድ ቡኺ

አልፍሬድ ቡኺ በ1879 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር) ዊንተርቱር በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1903 ጨረሰ።

ቡኺን ያሳሰበው፥ ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ኃይል ብዙው ከጢሱ ሙቀት ጋር በከንቱ መውጣቱ ነበር። ስለዚህ ጢሱ አንድ መንኰራኵር እንዲያዞር፥ መንኰራኵሩም በዘንግ የተያያዘውን ማራገቢያ አዙሮ ወደ ሞተሩ አየር በግድ እንዲያስገባ አሰበ። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ለዚሁ በ1905 የፈጠራ መብት አወጣ። ሐሳቡን የተቀበለው ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ በ1915 የቀረበውም ሞተር የአየሩን ግፊት ጠብቆ ሊያቆይ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ቢተወው ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን ገፋበት፤ ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ፥ በ1925፥ የሞተርን ጉልበት ከመቶ 40 በላይ አሳደገ። ቀጥሎም በሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ 1,750 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 2,500 ሰጠ። በ1938 ሳውረር የተባለው የስዊስ ፋብሪካ ይህንኑ ለጭነት መኪና አዋለው።

ቡኺ በ1959 በተወለደባት ከተማ ዐረፈ። በጭነት መኪና ሾፌር ፊት ያለው የቱርቦ ግፊት መለኪያ የሚያሳየው የእርሱን ሥራ ነው። ዜሮ ማለት ከውጭው አየር ጋር እኩል ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ጢሱ ትንሽ ስለ ሆነ መርፌው ከዚያው አይርቅም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ከፍ ይላል። በዳገት ላይ እንደ ወትሮው ሳይወጣ ቢቀር፥ ሾፌሩ የላላ የአየር ቱቦ ወይም የቈሸሸ የአየር ማጣሪያ እንዳለ ይመረምራል።