ሰፍነግን በጨርቅ ያጣራው ሰው

ሄንሪ ቫን ፒተርስ ዊልሰን በ1863 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ኪት ብሩክስ መሪነት ሥነ እንስሳት አጥንቶ በ1888 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። በመንግሥቱ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ በ1891 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ የቀረውን የሥራ ዘመኑንም በዚያ ፈጸመ። ኑሮው ለወሬ የሚመች አልነበረም። ስሙን ያተረፈለት በቦፎርት የባሕር ዳርቻ ቤተ ሙከራ ያካሄደው አንድ ሥራ ነው።

ሰፍነግ ልብም ነርቭም የሌለው፣ ከባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። በውስጡ ያሉት ባለ አንገትጌ ሕዋሳት ጅራፍ መሰል ጭራቸውን እያወናጨፉ ውኃ ይስባሉ፤ ምግቡም በዚሁ ውኃ ይመጣለታል። ዊልሰን ያነሣው ጥያቄ የፍልስፍና ሳይሆን የእርባታ ነበር፤ ሰፍነግን በሰው እጅ ማራባት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ማይክሮሲዮና የተባለውን ቀይ ሰፍነግ ቆራርጦ፣ ዱቄት በሚነፋበት ዓይነት ቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በባሕር ውኃ ውስጥ ጨመቀው። ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተለያይተው እንደ ቀይ ደመና ወጡና ከሳሕኑ ሥር ዘቀጡ። እንስሳው አለቀለት የሚያሰኝ ነበር። ሕዋሳቱ ግን እየዳኹ ተገናኙ፣ ተጣበቁ፣ ትንንሽ ጓል ሠሩ፤ ቀናት ሲያልፉም የውኃ መተላለፊያው ቦይና ክፍሉ እንደገና ተበጅቶ ሰፍነግ ሆኑ። ይህን በ1907 አሳተመ። የሁለት ዓይነት ሰፍነጎችን ሕዋሳት ደባልቆ ሲሞክር ደግሞ አልተዋሐዱለትም።

በትርጓሜው ላይ ግን ተሳስቷል። ሕዋሳቱ ወሰናቸው ፈርሶ ወደ አንድ ጅምላ የቀለጡ መስሎት ነበር፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እያንዳንዱ ሕዋስ ወሰኑን ጠብቆ እንደሚጣበቅ አሳዩ። እኔ ይህን ስሕተት እንደ ትልቅ ጉድለት አልቆጥረውም። ዘዴውን ማንም ሊደግመው በሚችል መልክ ጽፎ ባይተው ኖሮ፣ የሚያርመውም ባልተገኘ ነበር።

ዊልሰን በ1939 ሲሞት ሕዋሳቱን የሚያያይዛቸው ነገር ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። በ1963 ቶም ሃምፍሬይስ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌለበት የባሕር ውኃ ሰፍነግን በታትኖ፣ ከሕዋሳቱ ገጽ የሚለቀቅ አጣባቂ ነገር አገኘ፤ ከፕሮቲንና ከስኳር የተገነባ ግዙፍ ሞለኪውል መሆኑም ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ነጠላ ሕዋሳት እንዴት አንድ አካል ሆኑ ለሚለው ጥንታዊ ጥያቄ የፕሮቲን ጥናት ከዚያ ወዲህ ዋና በር ሆነ። በ2008 ደግሞ ሞኖሲጋ ብሬቪኮሊስ የተባለች፣ መልኳ የሰፍነግን ባለ አንገትጌ ሕዋስ የሚመስል ነጠላ ሕዋስ ፍጡር ሙሉ የዘር መረጃ ታተመ። በእንስሳት አካል ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙት ካድሄሪን የተባሉ ፕሮቲኖች ቤተሰብ በእርሷም ዘንድ ተገኝቷል፤ ማጣበቂያው ከአካሉ በፊት ነበረ ማለት ነው። የሚያያዛት ጎረቤት ለሌላት ፍጡር ምን ይሠራላታል? ባክቴሪያን ለመያዝ ሊያገለግላት ይችላል የሚል ግምት ቀርቧል።