ቀለም፥ ብርሃንና ገጽ በሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራ

ሠዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ስለ ነበረ፥ ልጁ ቀለምን አስቀድሞ ያወቀው ከአባቱ እጅ ነው። ብራና ተፍቆ የለሰለሰ ገጽ ነው፤ ስለዚህም በላዩ ያረፈው ቀለም ከየትኛውም ወገን ቢያዩት እምብዛም አይለወጥም።

በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን ትምህርት ትቶ በ1957 ለሥዕል ጥናት ወደ ጀርመን አገር፥ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። በ1962 ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበረ። በእንዲህ ያለው ሥራ የሰው ወይም የዛፍ መልክ ስለማይገኝ ዐይን የሚያርፈው በቀለሙና በገጹ ላይ ብቻ ነው። ቀለሙ ወፍሮ እንደ ጥርብ ቅርጽ ከገጹ ብቅ ሲል፥ ከጎን የሚመጣው ብርሃን በጉብታው ሥር ጥላ ይጥላል፤ አንዱ ሰማያዊ ከጫፉ ፈክቶ ከሥሩ ጠቁሮ ሁለት ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ገጽ ብርሃኑን እንደ መስተዋት ሲመልሰው፥ ሸካራው በየአቅጣጫው ይበትነዋል። በጧት የታየው ሥራ በቀትር ሌላ የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ለደካማ ቀለም አይራራም።

በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ከአባቱ የብራና ሥዕል እጅግ የራቀ ነው። ስቅለቱን የሚናገረው ከመልኩ ይልቅ ቀዩ ቀለም ነው። ሥራው የፈረንጅ ነው ብለው የነቀፉት ጥቂቶች አልነበሩም፤ ነገር ግን ያባቱን ሙያ ከሥር ጀምሮ የሚያውቅን ሰው እንዲህ ማለት ተገቢ አይመስልም። በ1965 ረቂቅ ሥዕልን በአገሩ በማስተዋወቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ነቀፋውን ሁሉ ዝም አሰኘ ለማለት ግን ያስቸግራል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ ስለ አገሩ የገጠመው ሰው በ1981 በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ግዛት፥ በሎውተን ከተማ ዐረፈ። ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2008 ስሙን የተሸከመ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በጀርመን አገር ቆይተው የተመለሱ ሥዕሎቹም በዚያ ይታያሉ።