ሉዊ ደ ፉኔስ፤ ለአለቃው በግ፣ ለበታቹ ነብር

በተማሪ ዘንድ የቧልት ፊልም ማየት እንደ ቁም ነገር አይቈጠርም። ስለ አሳዛኝ ፊልም ሲወራ ሁላችንም አስተያየት እንሰጣለን፤ ሆዳችንን ይዘን የሣቅንበትን ፊልም ግን ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለን እንተወዋለን። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ሰው የሚሥቅበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው ብለን ስለምናምን የፈረንሳዩን ታላቅ ቧልተኛ የሉዊ ደ ፉኔስን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ደ ፉኔስ በ1914 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በኩርብቯ ተወለደ። ወላጆቹ ከእስፓንያ፣ ከሴቪል ከተማ የመጡ ነበሩ፤ በአገሩ ጠበቃ የነበረው አባቱ በፈረንሳይ ወደ አልማዝ ሥራ ገባ። እናቱ ቍጡ ሴት ነበረች። ስትናደድ የፊቷን አለዋወጥና የእጇን አወናጨፍ ልጁ እየለቀመ ያዘ፤ የመጀመሪያዋ የቴያትር መምህሩ እርስዋ እንደ ነበረች ኋላ ራሱ መስክሯል።

በወጣትነቱ ዕድል አልቀናውም። የጠጕር ካባ ሥራ ሊማር ገብቶ ወጣ፤ የሱቅ መስኮት ማስጌጥም ሞከረ፤ ግን የትም አልረጋም። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙበት ዘመን ፒጋል በተባለው ሰፈር በሌሊት ቡና ቤቶች ፒያኖ እየመታ ይተዳደር ነበር። በ1946 መጀመሪያ በፊልም ላይ ሲታይ የተሰጠው ሥራ የበር ዘበኛ መሆን ነበረ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ሥራዎች ብቻ ተመላለሰ።

ይሁን እንጂ በ1956 ክሎድ ኦታን ላራ በሠራው የፓሪስ ጕዞ በተባለው ፊልም ውስጥ አንድ አጭር ሥራ ተሰጠው። በጦርነቱ ጊዜ የአሳማ ሥጋ በድብቅ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ሆኖ ተጫወተ። ይህ ባለ ሱቅ ሥጋውን በሌሊት ለሚሸከምለት ድኻ ጌታ ነው፤ ዣን ጋበን የተጫወተው ሰው ግን ስሙን እየጠራ ሲጮኽበት ጕልበቱ ይከዳዋል፤ የተጠየቀውን ገንዘብ እየተንቀጠቀጠ ይከፍላል። ለአለቃው በግ፣ ለበታቹ ነብር የሆነው ያ ሰው በዚህ ፊልም በግልጥ ታየ፤ ደ ፉኔስም ከዚያ ወዲያ አልተለየውም።

ፈረንሳዮች የዚህን ዐይነቱን ቧልት ፋርስ ይሉታል። ቃሉ ከወጥ ቤት የመጣ ነው፤ በዶሮ ወይም በሌላ ሥጋ ሆድ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ሙሊት ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን በመንፈሳዊ ቴያትር መካከል እንደ ሙሊት የሚገባው አጭር የሣቅ ጨዋታ በዚሁ ስም ተጠራ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል፤ ያንን ለመሸፈን ይዋሻል፤ ውሸቱን ለመሸፈን ሌላ ውሸት ይጨምራል፤ በር ይከፈታል፤ በር ይዘጋል፤ ሊገናኙ የማይገባቸው ሰዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ደ ፉኔስ በመድረክ ደጋግሞ፣ በ1967 ደግሞ በፊልም የተጫወተው ኦስካር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሻንጣዎቹ እየተለዋወጡ፣ ሀብቱን ያገኘ የመሰለው ባለ ፋብሪካ የገረዲቱን የውስጥ ልብስ ታቅፎ ይገኛል። ይህ ሁሉ እንደ ሰዓት ጥርስ የተያያዘ በመሆኑ ተጫዋቹ ጥቂት ቢዘገይ ሣቁ ይጠፋል። ደ ፉኔስ ጊዜውን አይስትም ነበር።

ታላቅ ዝና ያገኘው ኀምሳ ዓመት ሲሆነው ነው። በ1964 የሳን ትሮፔው ዣንዳርም ወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ ክሩሾ የተባለው የፖሊስ ሹም በአለቃው ፊት ጐንበስ ቀና ሲል ይቈያል፤ ፊቱን ወደ ወታደሮቹ ሲመልስ ግን ያንባርቃል። በ1965 ዤራር ኡሪ የሠራውን ለ ኮርኒዮን ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገዝቶ አየው። በ1966 የወጣው ላ ግራንድ ቫድሩይ በፈረንሳይ ከ17 ሚሊዮን በላይ ቲኬት ተሸጠበት፤ እስከ 2008 ድረስም ከፈረንሳይ ፊልሞች የሚበልጠው አልተገኘም። በዚህ ፊልም ደ ፉኔስ ኩሩ የኦፔራ ሙዚቃ መሪ ነው፤ ቡርቪል ደግሞ የዋህ ቀለም ቀቢ ነው። ከጀርመኖች ሲሸሹ ኩሩው ሰው በቀለም ቀቢው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይጓዛል። አንድም ስብከት ሳይነገር ማን ማንን ተሸክሞ እንደሚኖር ያችው ትርኢት ታስረዳለች።

በ1973 በወጣው የራቢ ዣኮብ ጀብዱ ደግሞ አይሁድንም ዐረብንም የሚንቅ ባለ ፋብሪካ ሆነ፤ ነፍሱን ለማዳን የራቢ ልብስ ለብሶ ከናቃቸው ሰዎች ጋር ሲጨፍር ንቀቱ ራሱ መሣቂያ ሆነ። በ1975 ልቡ ታመመና ሥራውን ለጊዜው አቋረጠ። በ1980 የሞልየርን ንፉጉ ሰውዬ ወደ ፊልም አመጣው፤ በዚያው ዓመት የክብር ሴዛር ሽልማት ተሰጠው። ከሥራ ውጭ ዝምተኛና ዐይን አፋር ነበረ፤ በሎዋር ወንዝ አጠገብ በነበረው ርስቱ ጽጌረዳ ይተክል ነበር። በጥር ወር 1983 በናንት ከተማ ዐረፈ፤ በለ ሴልዬም ተቀበረ።

ብዙ ሐያስያን በሕይወቱ ሳለ ንቀውታል፤ ፊቱን ከማጣመም በቀር ምንም አያውቅም አሉት። ለእኛ ግን ያ የተጣመመ ፊት እውነተኛ ይመስለናል። ክፉ ሰው በአሳዛኝ ቴያትር ሲታይ ግርማ አለው፤ ተመልካቹም እኔ እንደዚህ አይደለሁም ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የደ ፉኔስ ሰው ግን ግርማ የለውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ትንሽ ሹም ነው። ስለዚህ ስንሥቅበት የምናውቀውን ሰው እናስታውሳለን፤ ጥቂት ቈይተን ደግሞ ራሳችንን እንጠረጥራለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ አብዛኞቻችን ከአለቃና ከተላላኪ መካከል የቆመች አንዲት ወንበር ትጠብቀናለች። በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠን ስልክ ሲደወል ድምፃችን የሚለሰልስ፣ ተላላኪው ሲገባ የሚጐረብጥ ከሆነ፣ ደ ፉኔስ ከብዙ ዘመን በፊት እኛን እያየ ተጫውቷል ማለት ነው።